በቀሉንስ አየነው፣ ደላላዋ የታለች?

የማእከሉ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እንየው ብለን የተስማማነውን ፊልም አይታችኋል ብዬ ልጀምር። ላላያችሁ በአጭሩ፦ «አይ አም ኦል ገርልስ» ይባላል። የደቡብ አፍሪካ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ፣ ዳይሬክተሩ ዶኖቫን ማርሽ ነው። በሆሊውድ ሚዛን ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት አይደለም። ልጃገረዶችን ለወሲብ የሚሸጥ መረብ አለ። የመረቡን ሰዎች አንድ በአንድ የሚገድል ሰው ይነሳል። ሬሳቸው ላይ ፊደላት ተጽፈው ይገኛሉ፤ ከዓመታት በፊት የጠፉ ልጆች ስም መነሻ ፊደላት ናቸው። አንዲት መርማሪ ገዳዩን ትፈልጋለች። ማንነቱን ስታውቅ ግን ማሰሩ ይከብዳታል። መጨረሻውን አልናገርም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። የወጣት ማእከላችን በክረምት ከ11ኛና ከ12ኛ ክፍል ሴቶች ጋር ስለ ስደትና ስለ ደላላ ውይይት አለው። አንዱ የኮሚቴ አባል «ይህን ፊልም ከፍተን እንወያይበት» አለ። ሌላዋ «ልጆቹን ታስደነብሩብኛላችሁ» አለች። እኔ መሀል ላይ ቀረሁ። ይከፈት ወይስ ይቅር?

ቡና ጠጪ፦ ይከፈት እንጂ ምን ይጠየቃል! እኔ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ቁጭ ብዬ ነው ያየሁት። ያ የመረቡ ሽማግሌ ባለሥልጣን ብቅ ባለ ቁጥር ቴሌቪዥኑን በጫማ ልለው ነበር። ልጆቹም እንደዚያ ይናደዱ። «ተጠንቀቁ» የሚል ፖስተር ስንት ዓመት ለጠፍን፣ ማን አነበበው? ደግሞ አንዴ እንኳ ተበዳይ ስታሸንፍ ብናይ ምን አለበት? የኛ ፊልም ላይ የተደፈረች ሴት ሥራዋ ማልቀስ ብቻ ነው።

ኤዲተሩ፦ አንተ ጫማ ለመወርወር ሰበብ አታጣም።

እኔ ከሙያዬ ልነሳ። ፊልሙ የአፓርታይድን ጊዜና የአሁኑን እያፈራረቀ ይሄዳል። ሽግግሩ ብዙ ቦታ ላይ ይደናበራል። ማን የማን ሰው እንደሆነ እስክለይ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ መልሼ አይቻለሁ። ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር አመድ ነው። ገንዘብ ሲያጥር ጨለማ ይበዛል። ይቺን ብልሃት እኛም እናውቃታለን፣ ያልተቀባ ግድግዳ በጨለማ አይታይም። ሁለቱ ሴት ተዋንያን ግን፣ ኤሪካ ቬሰልስና ሕሉቢ ምቦያ፣ ፊልሙን በትከሻቸው ተሸክመውታል።

አንድ ነገር አመሰግንለታለሁ። ካሜራው ልጆቹ ገላ ላይ አይንቀዠቀዥም። በዚህ ጉዳይ የሚሠሩ ርካሽ ፊልሞች ግማሾቹ በደሉን እያወገዙ እሱኑ ይሸጣሉ። ጥቃቱን አስር ደቂቃ ያሳዩህና ለኅሊናህ ማካካሻ አምስት ደቂቃ በቀል ይጨምሩልሃል። ይሄኛው ከነዚያ ይሻላል። ቢሆንም ያው የበቀል ፊልም ነው። የበቀል ፊልም ደግሞ ክፉው ሰው ፊቱ ሲታይ መለየት አለበት፣ ካልተለየ ማን ያጨበጭባል? ችግሩ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የጄፔው ልጅ፦ ከጆሃንስበርግ ነኝ፣ ሱቄ ጄፔ ነው። (መንገዱ ራሂማ ሙሳ ከተባለ ቆይቷል። ሐበሻ ግን ጄፔ ማለቱን አልተወም።) ስለዚህ ፊልም የዚህ አገር ሰዎችን ሳወራ ስለ በቀሉ ያነሳልኝ የለም። ሁሉም የሚያነሱት አንድ ሰው ነው፣ ኸርት ፋን ሮየን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 እና በ1989 ቢያንስ ስድስት ልጃገረዶች ጠፉ። የወሰዷቸው እሱና ጆዪ ሃርሆፍ የምትባል ፍቅረኛው ናቸው ተብሎ ይታመናል። በ1990 መጀመሪያ ላይ አንዲት ልጅ አመለጠቻቸው። ፖሊስ ሲደርስባቸው ሃርሆፍን ገደላትና ራሱን ገደለ። ስድስቱ ልጆች እስከ ዛሬ አልተገኙም። ሬሳ የለ፣ አጥንት የለ። ሰዉ ያንን ባዶ ቦታ በወሬ ሞላው። ሚኒስትሮች አሉበት፣ ውጭ አገር ተሽጠዋል፣ ምን ያልተባለ አለ። የተረጋገጠ ነገር ግን የለም።

ፊልሙ ምን አደረገ? ስሙን ኸርት ደ ያገር ብሎ ቀየረና ወሬውን እንደ እውነት ይዞት ሄደ። ሚኒስትሩን ጨመረበት፣ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መላኪያውን ጨመረበት። ከዚያ መነሻዬ እውነተኛ ታሪክ ነው አለ። እኔ ሱቅ ነው የምነግደው፣ ስለ ፊልም አላውቅም። ግን ልጇ የጠፋችባት እናት ይህን ስታይ ምን ትላለች?

ሌላም አለ። ወደቡንና ኮንቴይነሩን ሳይ ሆዴ ተገላበጠ። የመጋቢት 2012ን አስታወሰኝ፣ ሞዛምቢክ፣ ቴቴ። ከማላዊ የገባ የጭነት መኪና ላይ ኮንቴይነሩ ሲከፈት 64 የኛ ልጆች ሞተው፣ 14 በሕይወት ተገኙ። ወደዚህ ወደ እኛ ነበር የሚመጡት። በጠመንጃ የጠለፋቸው የለም። ከፍለው ነው የተሳፈሩት። ለነሱ የበቀል ፊልም ቢሠራ ማን ነው የሚገደለው?

ቡና ጠጪ፦ ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። ግን እሱ ድንበር ማሻገር ነው፣ ይሄ የወሲብ ንግድ ነው። አትደባልቀው።

ጋሽ ጠበቃ፦ ልጄ፣ መለየትህ ጥሩ ነው። ሕጉም ይለያቸዋል። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ገና ከርዕሱ በሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን ለየብቻ ነው የሚያነሳው። ነገር ግን በረሃ ላይ አንቀጽ የሚያነብ የለም። ከፍላ የወጣችው ልጅ ግማሽ መንገድ ላይ «ዕዳሽ ጨምሯል» ትባላለች። ከዚያ በኋላ ዕቃ ናት። በአንድ ጉዞ ከአንዱ ወንጀል ወደ ሌላው ትዛወራለች። «ወዳ ነው የሄደችው» የሚለውም አያድናቸውም። እ.ኤ.አ. የ2000ው የፓሌርሞ ፕሮቶኮል፣ የተባበሩት መንግሥታት የሰው ንግድ ስምምነት፣ ማታለል ወይም ማስገደድ ካለ የተበዳይዋ እሺታ ዋጋ የለውም ይላል። ሕፃን ከሆነች ማታለሉን ማስረዳትም አያስፈልግ።

እኔ የምቃወመው በቀሉን ነው። «ተበዳይ ስታሸንፍ እንይ» ብለሃል። በእውኑ ዓለም ተበዳይ ስትተኩስ የሚሆነውን ልንገርህ። አሜሪካ ውስጥ፣ ቴነሲ፣ ሲንቶያ ብራውን የምትባል ልጅ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2004፣ በ16 ዓመቷ፣ በገንዘብ ወደ ቤቱ የወሰዳትን ሰው ተኩሳ ገደለች። ገላዋን እንድትሸጥ የሚያስገድዳት ሌላ ሰው ነበር። ይገድለኛል ብዬ ፈርቼ ነው አለች። ዐቃቤ ሕግ ለዘረፋ ነው አለ። ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። ነገሩ ብዙ ሰው ዘንድ ደርሶ፣ የግዛቱ አስተዳዳሪ ምሕረት አድርጎላት፣ 15 ዓመት ታስራ በ2019 ወጣች። አንተ ጫማህን አንስተህ ስታጨበጭብ የምታድርበት ታሪክ፣ እሷ ጎረምሳነቷን እስር ቤት የጨረሰችበት ነው።

የኛም አለ። አበራሽ በቀለ ጠልፎ የደፈራትን ሰው ገደለችው። 14 ዓመቷ ነበር። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላት፣ ራስን መከላከል ነው ተብሎ በነጻ ተለቀቀች። ልብ በል፣ እሷ እያመለጠች ነበር። በዓመቱ አስባበት፣ ቀጠሮ ይዛ፣ ሬሳ ላይ ፊደል ልትጽፍ አልመጣችም። ያኔ ይሠራበት በነበረው በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያመልጥ ነበር። ይህ የቀረው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው።

ኤዲተሩ፦ ጋሼ፣ አበራሽን ካነሱ አይቀር ፊልሙንም ያንሱት። «ድፍረት» አዲስ አበባ ሊመረቅ፣ ሰው አዳራሽ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ፣ ነሐሴ 2006 ላይ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። ያሳገደችው አበራሽ ራሷ ነበረች፣ በገዛ ታሪኳ። የጄፔው ልጅ ስለ እናቶቹ ያለው እዚህ ጋ ይገባል።

ጋሽ ጠበቃ፦ እውነት ነው። ረስቼው ነበር።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔ ደግሞ ጥፋቱን የምጭነው ቴክን ላይ ነው። ታስታውሱታላችሁ አይደል? እ.ኤ.አ. የ2008ቱ ፊልም፣ ሊያም ኒሰን የሠራበት። ልጁ ፓሪስ ላይ ትጠለፋለች፣ አባት በስልክ ይዝታል፣ ከዚያ አልባኒያውያኑን ይለቅማቸዋል። ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ሲታይ ሰው አግዳሚው ላይ ቆሞ ያጨበጭብ ነበር፣ እኔም ቆሜያለሁ። በ25 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ ከ220 ሚሊዮን በላይ አስገባ። ከዚያ በኋላ ማንም ርካሽ ካሜራ ያለው ሁሉ አንድ ጠላፊ፣ አንድ የተናደደ አባት፣ አንድ መጋዘን ይዞ ተነሳ።

ይቺን ግን ላታውቋት ትችላላችሁ። እዚሁ አሜሪካ፣ እኛው ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ዊልያም ሂላር የሚባል ሰው ነበር። የልዩ ኃይል ኮሎኔል ነበርኩ፣ ልጄ ተጠልፋ ተሸጣለች፣ ቴክን የኔ ታሪክ ነው እያለ ይዞር ነበር። ለፖሊሶች ሳይቀር ስለ ሰው ንግድ ሥልጠና ይሰጥ ነበር፣ በክፍያ። ኤፍቢአይ ሲያጣራ ሁሉም ውሸት ሆኖ ተገኘ። ኮሎኔልም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2011 የ21 ወር እስር ተፈረደበት። አስቡት፣ የሰው ንግድ ምን እንደሚመስል ለፖሊሶች ያስረዳው ሰው የሚያውቀው ያው እኛ ቪዲዮ ቤት ያየነውን ያህል ነው።

ቡና ጠጪ፦ አንድ አጭበርባሪ ተገኘና ፊልም ሁሉ ይቅር? ሰው እኮ በሐሳብ ደረጃ «የሰው ንግድ» የሚባል ነገር እንዳለ ያወቀው ከነዚህ ፊልሞች ነው። ዘገባ ማን ያነባል?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ አላወቀም ነው የምልህ። የዓለም ሥራ ድርጅትና አጋሮቹ በ2022 ያወጡት ግምት አለ። በ2021 በግዳጅ ሥራ ውስጥ ካለው 27.6 ሚሊዮን ሰው ለወሲብ ንግድ የተገደደው 6.3 ሚሊዮን ነው። ብዙ ነው፣ አልቀነስኩትም፣ ከአምስቱ ወደ አራቱ የሚጠጉት ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። የቀረው 21 ሚሊዮን ግን በአብዛኛው ማሳ ላይ፣ ፋብሪካ ውስጥ፣ የሰው ማጀት ውስጥ ነው ያለው። ሳህን ስታጥብ የምትውል ልጅ ላይ ማን ትሪለር ይሠራል? አጨብጭቡ ቢባል መቼ ላይ ይጨበጨባል?

የቤሩቷ፦ ሦስት ቀን ሳነብባችሁ ነበር። ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ።

ቤሩት አምስት ዓመት ኖሬያለሁ። በኮንትራት ነው የሄድኩት። የላከኝ ሰው ጥቁር መነጽር አላደረገም። የአክስቴ ጎረቤት ናት። ቤታችን መጥታ ቡና ጠጥታለች፣ እናቴን «እቴ» ነው የምትላት። አባቴ በሬ የሸጠው እሷን አምኖ ነው። ፓስፖርቴን ማዳም የወሰደችብኝ ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። ደመወዝ ስድስት ወር ሲቀር ጠፍቼ ወጣሁ። እዚያ ስትጠፊ ወረቀትሽም አብሮ ይጠፋል። መኖሪያ ፈቃድሽ በአሠሪሽ ስም ነው፣ ከፋላ ማለት ይሄው ነው። ፖሊስ ቢይዝሽ ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ።

ያስጠጋችኝ ሐበሻ ናት። አንድ ክፍል ተከራይታ ለስምንት ሴት ፍራሽ ታከራያለች። እንጀራ አለ፣ ሽሮ አለ፣ እሁድ መዝሙር ይከፈታል። እኔ እንደ እናት ነበር የማያት። ፍራሹ ኪራይ አለው፣ ምግቡ ሒሳብ አለው፣ ሥራ ስታገኝልሽ ኮሚሽን አላት። ሁሉም ደብተር ላይ ይጻፋል። አጠገቤ የምትተኛ ልጅ ነበረች። ሁለት ወር ታመመችና ሥራ ፈታች፣ ደብተሯ ሞላ። አንድ ማታ ሴትዮዋ ጠራቻትና «አንድ ጥሩ ሰው አለ፣ አንድ ቀን ብቻ» አለቻት። አልጮኸችባትም። ፀጉሯን እየሠራቻት ነው የነገረቻት።

አንድ ቀን ብቻ አልሆነም።

እኔ ያቺን ልጅ ማን ጠለፋት ልበል? በር አልተቆለፈባትም። ማንም አልመታትም። ስልክ ነበራት፣ ለእናቷ እየደወለች «ደህና ነኝ» ትላለች። ይህን ፊልም ቀድማ አይታው ቢሆን ያስጥላት ነበር? እኔ አይመስለኝም። ፊልሙ ላይ ያሉትን ሰዎች ስታይ «እኔ እንደዚህ ዓይነት ሰው እጅ አልወድቅም» ነው የምትለው። አልወደቀችምም። ፀጉር የምትሠራ ሴት እጅ ነው የወደቀችው።

ቡና ጠጪ፣ አንተን መቃወሜ አይደለም። ንዴትህ ይገባኛል፣ እኔም እናደዳለሁ። ግን ያቺን ሴትዮ ግደይ ብትሉኝ አልችልም። ስታመም ሾርባ ሠርታልኛለች። በሽጉጥ የማይፈታ ነገር ነው።

ቡና ጠጪ፦ እህቴ ምን ልበልሽ። ይቅርታ። ስለ ጫማ ሳወራ ነበር።

ኤዲተሩ፦ «በኋላ እመለስበታለሁ» ልል የነበረው ይሄንን ነው፣ እሷ ከኔ መቶ እጥፍ አሳምራ ተናገረችው። ያ ሽማግሌ ሚኒስትር ለድራማ ይመቻል፣ ቪላ አለው፣ ጠባቂ አለው። ደብተር የያዘች ሴት እንዴት አድርጌ ላስፈራ? ሙዚቃ እንኳ ምን እንደማስገባባት አላውቅም።

የጄፔው ልጅ፦ እኔ ያየሁት ደግሞ ፊልሙ ላይ ገዢው እንደገና የመካከለኛው ምሥራቅ ሰው መሆኑን ነው። ቴክን ላይም እንደዚያው ነበር፣ መጨረሻ ላይ ጀልባ ውስጥ የተቀመጠ ሼክ። ዐረብ አገር ግፍ የለም አላልኩም፣ ይኸው እህታችን ተናገረች። ግን የኛ ሰው ይህን ሲያይ ጣቱን ባሕር ማዶ ይቀስርና ሰፈሩ ያለውን ይረሳል። ጄፔም ላይ ልጅ የሚያስመጣው ሐበሻ ነው፣ ተቀባዩም ሐበሻ ነው። ማኅበር አብረን እንጠጣለን።

ቡና ጠጪ፦ እሺ፣ ሐሳቤን ግማሽ ቀየርኩ። ግማሹን ብቻ። ለ12ኛ ክፍል ልጆች አይከፈት፣ እሺ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ እህቴ፣ ቅር ካላለሽ። ፊልሙ ውስጥ ምንም የነካሽ ነገር የለም?

የቤሩቷ፦ አለ። ፊደሎቹ። በሬሳ ላይ መሆናቸው አይደለም፣ እሱን ሳይ ፊቴን አዙሬያለሁ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የልጆቹን ስም የሚያስታውስ ሰው መኖሩ ነው። አጠገቤ የምትተኛው ልጅ ከዚያ ቤት ከወጣች በኋላ የት እንደገባች አላውቅም። ሴትዮዋን ብጠይቃት «የቷ?» ነው ያለችኝ። ስሟን እዚህ አልጽፍም፣ እናቷ አለች። በ«ዘ» ይጀምራል።

ጋሽ ጠበቃ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ለማእከሉ አንድ ሐሳብ አለኝ። ይህን ዝግጅት ለልጆቹ ብቻ ለምን ታደርጉታላችሁ? በሬ የሚሸጠው አባት ነው። ደላላዋን ቡና የምታጠጣው እናት ናት። ወላጆችን ጥሩ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጋሼ፣ ለወላጅ ደግሞ ይህን ፊልም ከከፈቱ ባሰ። «የኛዋ እንዲህ አይደለችም፣ የክርስትና እናት ናት» ብለው ይሄዳሉ። የሚላከው ዶላርም የኛ ነው እኮ። እኛ ውጭ ያለነው ነን ጎረቤት ሁለተኛ ፎቅ ሲሠራ እንዲቀና ያደረግነው።

የማእከሉ፦ እንግዲህ እኔ ከዚህ የያዝኩትን ልናገር። ፊልሙን ለልጆቹ አንከፍትም። ከአዋቂዎች ጋር ካስፈለገ መጀመሪያውን አሥራ አምስት ደቂቃ አሳይተን «ይህን ሰው የሚያውቅ አለ?» ብለን እንጠይቃለን። አላውቅም ይላሉ። ከዚያ ስለ ደብተሩ እናወራለን። የኮሚቴው ሰውዬ ይቆጣል፣ ፕሮጀክተሩን ሁሉ አስጠግኖ ነበር።

የቤሩቷ፣ እህቴ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ? እምቢ ብትዪኝ አልቀየምም። ትመጪልናለሽ?

የቤሩቷ፦ ሁለተኛ ደረጃ ስማር አንድ ቡድን መጥቶ አንዲት ተመላሽ ሴት መድረክ ላይ አውጥቶ ነበር። «ተጎጂዋ አሁን ትናገራለች» ብለው ጠሯት። ካሜራ ዓይኗ ሥር። አለቀሰች፣ አጨበጨብንላት፣ ለስላሳ ተሰጣትና ወረደች። እኔ ከሁለት ዓመት በኋላ ሄድኩ። ምን እንዳለች አንድ ቃል አላስታውስም። ማልቀሷን ብቻ ነው የማስታውሰው።

ስለዚህ መድረክ አልወጣም። ፎቶ የለም። «ተጎጂ» የሚል የለም። ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብለን ከሆነ እመጣለሁ። አንድ ባዶ ደብተርና እስክሪብቶ ስጡኝ፣ ሒሳቡን ለልጆቹ እየጻፍኩ አሳያቸዋለሁ። ፍራሹ ስንት፣ ሽሮው ስንት፣ ኮሚሽኑ ስንት። መቼ ላይ እንደሚሞላ ራሳቸው ይደምሩት።

የማእከሉ፦ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ይመችሻል?

የቤሩቷ፦ ዘጠኝ አድርጊው። ስምንት ላይ ሥራ ነኝ።